«ፊል» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል ግራ አጋባችኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት መስፊያ ማሽን ላይ ነበርኩ። ባለፈው ወር ወደ ጥራት ቁጥጥር አዛወሩኝ። ሥራውን ወድጄዋለሁ። አለቃዬ ግን የውጭ ሰው ስለሆነ የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና «ሀው ዳዝ ኢት ፊል?» አለኝ። እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት ፊል ማለት «ተሰማኝ» ነው ተብዬ ነው። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ ወይ ያለኝ መስሎኝ «አይ ፊል ፋይን፣ ታንክ ዩ» ብዬ መለስኩ። ዝም ብሎ አየኝና ጨርቁን አንስቶ እጄ ላይ አደረገው። ያኔም አልገባኝም። በኋላ የነገረችኝ አጠገቤ የምትሠራ ልጅ ናት። በጣም ከፋኝ። ጨርቅ ሳላውቅ ቀርቼ እኮ አይደለም፤ በአንዲት ቃል ነው የተያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ስከታተላት በየቦታው አለች። «ፊል ፍሪ» ይላል። «አይ ዶንት ፊል ላይክ ኢት» ይላል። «አይ ፊል ዊ ሹድ ዌይት» ይላል። መዝገበ ቃላት ሳይ ደግሞ «ተሰማው፣ ዳሰሰ፣ ነካ፣ አሰበ» እያለ ይደረድራል። የትኛው መቼ እንደሆነ በምን ልለይ? ሰኞ ስለ አንድ አዲስ ጨርቅ አስተያየቴን በጽሑፍ እንድሰጥ ታዝዣለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ደሴ

እህቴ፣ አብሽሪ። ሃያ ዓመት ሳስተምር በዚህች ቃል ያልተቸገረ ተማሪ አላየሁም። ችግሩ ያንቺ ሳይሆን ያስተማርንሽ ነው። «ፊል ማለት ተሰማኝ» ብለን በአንድ ቃል ዘግተነው ሄድን።

እስቲ የራሳችንን ቋንቋ እይው። ማለዳ ከደሴ መናኸሪያ ስትሳፈሪ «በረደኝ» ትያለሽ። ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ «ሞቀኝ» ትያለሽ። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ2,400 ሜትር በላይ ካለ ከተማ ወደ 1,850 ገደማ ስለምትወርጂ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ትያቸዋለሽ። ከዚያ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ደበረኝ» ይከተላል። አማርኛ ለእያንዳንዱ የራሱ ግስ አለው። እንግሊዝኛ ግን ፊልን ያስቀምጥና ከኋላዋ ቅጽሉን ብቻ ይለዋውጣል፦ አይ ፊል ኮልድ፣ አይ ፊል ዋርም፣ አይ ፊል ሀንግሪ፣ አይ ፊል ታየርድ። ስለዚህ ወደ አማርኛ ስትመልሺ «ብርድ ተሰማኝ» አትበይ። እንዲህ የሚል ሰው ደሴ ላይ የለም። በረደኝ በይ።

ሌላም ልብ በይ። በአማርኛ «በረደኝ» ስንል እኔ ተቀባይ ነኝ፤ ብርዱ ነው እኔ ላይ የመጣው። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ሰውየው ነው። ተማሪዎቼ «ኮልድ ፊልስ ሚ» ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው። እኔ ይህን ስህተት ሳርም አልቆጣም፤ አማርኛቸው ትክክል እንደሆነ ነው የሚያሳየኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሁለት ቦታ ተመልከቺ፦ ከፊል በፊት ማን አለ? ከፊል በኋላስ ምን አለ? በፊት ሰው ካለና በኋላ ቅጽል ከመጣ ስለ ሰውየው ሁኔታ ነው። በፊት ያለው ዕቃ ከሆነ ግን ዕቃው ምንም አይሰማውም፤ ሲነኩት እንዴት እንደሆነ ነው የሚነገረው። አለቃሽ «ኢት» ያለው ጨርቁን ነው። አንቺን ቢሆን «ሀው ዱ ዩ ፊል?» ይልሽ ነበር። በፊት ሰው፣ በኋላ ዕቃ ከሆነ መዳሰስ ነው፤ «ፊል ዚስ» ካለሽ እስቲ ንኪው ማለቱ ነው። ከኋላዋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተከተለ ደግሞ «ይመስለኛል» ነው። «አይ ፊል ዊ ሹድ ዌይት» ያለው፣ ብንጠብቅ ይሻላል ባይ ነኝ ማለቱ ነው። «ፊል ፍሪ»ን ለብቻዋ ያዣት፤ ሳትሳቀቂ፣ ደስ እንዳለሽ ማለት ናት።

የጨርቅ ላብራቶሪ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

መምህር በደንብ አስረድተዋል። እኔ የሙያውን ልጨምር፤ ሰኞ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።

በእኛ ሥራ «ሃንድ ፊል» የሚባል ነገር አለ። ጨርቁ በእጅ ሲዳሰስ ያለው ጠባይ ማለት ነው። አለቃሽ የጠየቀሽ እሱን ነው። እናቶቻችን ነጠላ ሲገዙ ጫፉን ይዘው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ሸርተት ሸርተት ያደርጉት የለ? ያው እሱ ነው። መጀመሪያ እጅሽ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጨርቁን በሁለቱ ጣቶችሽ እሺው። ለስላሳ ነው ወይስ ይሻክራል? ከዚያ ጨብጠሽ ልቀቂው። ተጨማዶ ይቀራል ወይስ ይመለሳል? በመጨረሻ ክንድሽ ላይ ጣል አድርጊው። ልስልስ ብሎ ይወርዳል ወይስ ድርቅ ብሎ ይቆማል? አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ፦ ምንጊዜም የጸደቀውን ናሙና በሌላው እጅሽ ይዘሽ አወዳድሪ። ለብቻው ሲዳሰስ ሁሉም ጨርቅ ለስላሳ ይመስላል። ማለስለሻ የገባበት ጨርቅ ደግሞ ከታጠበ በኋላ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ታጥቦም ይዳሰስ።

ቃላቶቹን ያዣቸው፦ ለስላሳ ሶፍት፣ ሻካራ ሃርሽ ወይም ራፍ፣ ድርቅ ያለ ስቲፍ፣ ልሙጥ ስሙዝ።

መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ላይ አልስማማም። «አይ ፊል» ብሎ ሐሳብ መስጠት በንግግር ያምራል። በጥራት ሪፖርት ላይ ግን አልወደውም። «ይመስለኛል» የሚል ሪፖርት ይዘሽ ከአቅራቢ ጋር ልትከራከሪ አትችይም። ባለቤቱ ጨርቁ ይሁን፤ «ዘ ፋብሪክ ፊልስ» ብለሽ ጀምሪ።

ነርስ፣ ደሴ

የእኛም ቤት ጉድ ስላለው ልንገርሽ። የስኳር ታማሚዎችን እግር ስንመረምር ቀጭን የናይለን ክር አለች። እስክትታጠፍ ድረስ መርገጫቸው ላይ ጫን ስትደረግ 10 ግራም ያህል ክብደት ታሳርፋለች። ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ በተነካ ቁጥር መናገር አለበት። አንድ ጊዜ የውጭ ሐኪም አብሮን ነበርና «ካን ዩ ፊል ዚስ?» አለ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «አባባ፣ ይሰማዎታል?» ብላ ተረጎመችላቸው። አባባም «እሰማለሁ ልጄ፣ ጆሮዬ ደህና ነው» አሏት። እውነታቸውን ነው። «ተሰማኝ» ከ«ሰማ» ነው የመጣው፤ የጆሮ ቃል ነው። «ሲነካዎት ይታወቅዎታል?» ስትላቸው ወዲያው ገባቸው። ተረከዛቸው ላይ «አይታወቀኝም» አሉ። ሐኪሙ የፈለገው መልስ ይኸው ነበር። ቃሉ ባይስተካከል ኖሮ የደነዘዘውን ቦታ አናገኘውም ነበር።

«አይ ፊል ሲክ» ሲባልም ጠንቀቅ በይ። እንግሊዞቹ ዘንድ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ወደ ላይ አለኝ፣ ሊያስመልሰኝ ነው ማለት ነው። አሜሪካኖቹ አሞኛል ለማለትም ይጠቀሙበታል። «አይ ፊል ፌይንት» ደግሞ ራሴን ሊያስተኝ ነው ማለት ነው። የሥራ ባልደረባሽ ይህን ካለችሽ ቶሎ አስቀምጫት።

የኮሌጅ ተማሪ፣ ደሴ

«ፊል ላይክ»ን ማንም አላነሳውም። እኔ የምይዘው በእኛው አነጋገር ነው። «አይ ፊል ላይክ ኮፊ» ቡና ቡና አለኝ። «አይ ፊል ላይክ ክራዪንግ» አልቅሽ አልቅሽ አለኝ። አለቃሽ «አይ ዶንት ፊል ላይክ ኢት» ካለ አላሰኘኝም፣ አልፈልግም ማለቱ ነው። ግን ባለቤቱ ጨርቅ ከሆነ ይለወጣል። «ኢት ፊልስ ላይክ ዉል» ማለት ሲነኩት ሱፍ ይመስላል ነው።

«ፊል ፎር»ም ሁለት ናት። «አይ ፊል ፎር ሃር» አንጀቴን በላችው። መብራት ሲጠፋ ግድግዳ እየዳበስን ሻማ ስንፈልግም ያው ፊል ፎር ነው።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ደሴ

አነባበቡን ዘንግቼ ነበር። ፊል ሲባል «ፊ»ዋን ሳብ አድርጊያት። አጭር ከሆነች መሙላት ትሆናለች። ላለፈ ጊዜ «ፌልት» ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ከዋጥሻት «ወደቅኩ» ይሆንብሻል።

የጨርቅ ላብራቶሪ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

«ፌልት» የሚባል ጨርቅም አለ። ሱፍ ሳይሸመን በእርጥበትና በሙቀት ታሽቶና ተጠቅጥቆ የሚሠራ ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ቃል ነው። ካታሎግ ላይ ስታይው እንዳትደናገሪ።

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ ከፊል በፊትና በኋላ እንድመለከት ያሉኝ በጣም ጠቅሞኛል። ሞከርኩ፤ እባካችሁ እረሙልኝ፦ «ዘ ፋብሪክ ፊልስ ሶፍትሊ፣ በት አይ አም ፊሊንግ ዛት ኢት ኢዝ ቲነር ዛን ዘ አፕሩቭድ ሳምፕል።» ለስላሳ ነው፣ ግን ከጸደቀው ናሙና የሳሳ ይመስለኛል ለማለት ነው።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ደሴ

ጎበዝ! ሁለት ነገር ብቻ። ሶፍትሊ ሳይሆን ሶፍት፤ ስለ ጨርቁ እንጂ ስለ አነካክሽ አይደለም የምትናገሪው። «አይ አም ፊሊንግ» ደግሞ ለጤናና ለስሜት ይሆናል፤ «አይ አም ፊሊንግ ቤተር» ቢባል ያምራል። ለሐሳብ ግን «አይ ፊል» ብቻ ነው።

የጨርቅ ላብራቶሪ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

የጨርቁን ስስነት ደግሞ በእጅ ብቻ አትተይው፤ ይመዘናል። ላብራቶሪያችሁ ውስጥ ክብ መቁረጫ ይኖራል። የሚቆርጠው 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ቁራጩን በግራም መዝኚና በ100 አባዢው፤ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ታገኛለሽ። ከናሙናውም ከአዲሱም ቁረጪ።

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ

ዛሬ ፈረቃዬ ሳያልቅ ቆርጬ መዘንኩ። ናሙናው 1.80 ግራም፣ አዲሱ 1.68። እጄ አልተሳሳተም። ሰኞ የማስገባው ይህ ነው፦ «ዘ ፋብሪክ ፊልስ ሶፍት፣ በት ኢት ፊልስ ቲነር ዛን ዘ አፕሩቭድ ሳምፕል።» ከሥሩ 180 እና 168 ብዬ ጽፌበታለሁ።