ከበሮ የሌለበት ዜማ ሰው ማበርታት አይችልም ወይ?

የታቦር ግርጌ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ቀን መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ደግሞ ዜማ እደርሳለሁ። ዘፈን አይደለም፤ ግጥምም ድምፃዊም የለውም። በእኔ ኪቦርድና በጎረቤቴ ልጅ ክራር የሚሠሩ፣ አራት ደቂቃ የማይሞሉ ዜማዎች ናቸው። የምደርሳቸው ልቡ ለዛለ ሰው ነው፤ ለፈተና ለሚያጠና ተማሪ፣ በሽተኛ አጠገብ ወንበር ላይ ለሚያድር አስታማሚ፣ ሱቁን ልዝጋው አልዝጋው እያለ ለሚያመነታ ነጋዴ። አስታማሚውን በተለይ አውቀዋለሁ። የሐኪም ማዘዣውን አጣጥፎ በእጁ ጨብጦ ይመጣል፤ የመድኃኒቱን ዋጋ ስነግረው ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ታዲያ እንዲህ ባለ ሰው ላይ ሙዚቃው ምን አድርግ ብሎ ይጮኽበታል?

የመጨረሻው ሥራዬ በትዝታ ቅኝት ነው። ሐሳቡ የመጣልኝ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ አጥማጆች ጀልባ ወደ ዳር ሲስቡ ሳይ ነው። ሲስቡ ያቃስታሉ፤ እግራቸውን ሊያደላድሉ ሲቆሙ ጸጥ ይላሉ፤ ከዚያ እንደገና ይስባሉ። እኔን የያዘኝ ማቃሰቱ ሳይሆን ያ ጸጥታ ነው። በዜማው ላይ ግራ እጄ አንድ ወፍራም ድምፅ ይመታና ሁለት ምት ሙሉ ምንም አይነካም፤ ክራሩ ብቻውን ይቀራል።

ይህንን በቴሌግራም ለወዳጅ ዘመድ ላክሁት። «ደስ ይላል፣ ግን ያስለቅሳል» አሉኝ። «መሐል ላይ ከበሮ ይግባበት፣ ከዚያ ቫዮሊኖቹ ይነሡ» አሉኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ደግሞ ሳይጠይቀኝ ወስዶ፣ ስሜን አውጥቶ፣ ፍጥነቱን ጨምሮ «ተነሥ! አትተኛ! ሚሊየነር ሁን!» የሚል ንግግር ደርቦበት አገኘሁት። ከእኔ ዜማ ይልቅ የእሱን ንግግር ብዙ ሰው ተመልክቶታል፤ ይሁንለት። ያናደደኝ ያችን ጸጥታ ቆርጦ መጣሉ ነው።

እንግዲህ ለማበርታት የተሠራ ዜማ የግድ እየጋለ መሄድ አለበት? ደግሞም ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ልልቀቀው ብዬ ነበር፤ የዚያን ሰው ዓይነት እንዳይጫወትበት ግን እሰጋለሁ። በሙያው ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

የድሮ ኪቦርዲስት (አዳማ)

እህቴ፣ እኔ አዳማ ውስጥ ሠርግ ሳጅብ ያረጀሁ ሰው ነኝና ከበሮን አትንኪብኝ። ይሁን እንጂ ወዳጆችሽ የጠየቁሽ ከበሮ አይመስለኝም። ዜማው አንድ ቦታ ላይ እንዲለወጥላቸው ፈልገዋል፤ የሚያውቁት መለወጫ ከበሮ ስለሆነ ከበሮ አሉ።

የተጠቀምሽው ግማሹን ትዝታ መሆን አለበት። ሙሉውን ታውቂዋለሽ፤ ከኤፍ ሻርፕ ተነሥተሽ በጥቁሮቹ ቁልፎች ብቻ ብትሄጂ እሱን ታገኛለሽ። ግማሹ የሚለየው ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውና የመጨረሻው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ፣ ማለትም ወደ ነጮቹ ወደ ኤ እና ወደ ዲ ሲወርዱ ነው። ስለዚህ «ትዝታ ያስለቅሳል» ለሚሉሽ፣ የሚያስለቅሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው በያቸው። በግማሹ ጀምሪና ወደ መጨረሻው ስትቃረቢ ሦስተኛዋን ብቻ ወደ ቦታዋ መልሻት። ሌላ ምንም አትጨምሪ። ሰሚው ምን እንደተደረገ አያውቅም፤ ቀና ማለቱ ግን አይቀርም። የመጨረሻዋን እኔ ብሆን እንደወረደች እተዋታለሁ፤ ሁሉ ነገር የተሟላለት ሰው የሚጫወተው እንዳይመስል።

ኪቦርዱንም ከክራሩ ጋር አስማሚው። ክራር በጆሮ ስለሚቃኝ እኩል ከተከፋፈሉት የኪቦርድ ግማሽ ድምፆች ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ሠርግ ቤት የምንይዛቸው ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት ማስተካከያ አላቸው፤ ያንቺም ካለው ክራሩን ወደ ኪቦርዱ ከመጎተት ኪቦርዱን ወደ ክራሩ አምጪው።

ጉዱማሌ (ሐዋሳ)

በፍቼ ጫምባላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሕዝቡ በኅብረት የሚያዜመውን ቄጣላ ቆመሽ አዳምጠሽ ታውቂያለሽ? ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2015 በሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል፤ እኛ አጠገቡ የምንኖረው ግን ስለ ሙዚቃ ስንወያይ አናነሣውም። አንዱ ያወጣል፣ ብዙው ይቀበላል፣ ሐረጉ ይደጋገማል። የሚያበረታው መደጋገሙና የብዙ ሰው ድምፅ መሆኑ ነው። ሦስት አራት ሰው ሰብስቢና ያለ ቃል እንዲያንጎራጉሩልሽ አድርጊ፤ ከኪቦርድ ቫዮሊን በብዙ ይሻላል።

የታቦር ግርጌ (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ ግማሹ መሆኑን ሳይሰሙት እንዴት አወቁብኝ! ያሉኝን ዛሬውኑ ሞከርነው። ችግሩ ክራሩ ላይ ነው። አውታሮቹ ለግማሹ ተቃኝተዋል፤ ልጁ ዜማው መሐል ቆሞ አንዱን አውታር ሊያጠብቅ አይችልም። ስለዚህ እሱ ያችን ድምፅ ይዘላታል፣ እኔ በኪቦርድ ብቻዬን እመታታለሁ፤ ያውም ልክ ጸጥታው እንዳለቀ። ሳይታሰብ የተሻለ ሆነ፤ ድምፅዋ ከሌላ መሣሪያ ስለምትመጣ ትለያለች።

የጉዱማሌው ወንድሜ፣ ቄጣላውን ሰምቻለሁ፤ ሳላለቅስ ተመልሼም አላውቅም። ለዚህ ሥራ ግን አይሆነኝም። የማስበው ሰው ሌሊት ብቻውን የተቀመጠ ነው። የብዙ ሰው ድምፅ ሲሰማ ሌሎቹ ተሰብስበው እሱ የቀረ እንዳይመስለው እፈራለሁ።

ሸክላ ሰብሳቢ

መነኩሲቷ ፒያኖ ተጫዋች እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ያሳተሙት የመጀመሪያው ሸክላ ፒያኖ ብቻ ነው፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች መርጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ሙዚቃቸው ባሕር ተሻግሮ ይደመጥ ነበር። «ከበሮ ይጨመርበት» ያላቸው ሰው ከነበረ፣ ስሙን የሚያስታውስለት አላገኘም።

የመብት ነገር

የማጋራቱን ጥያቄ ሁላችሁም ዘለላችሁት፤ እኔ ወደ እሱ ልመለስ።

እህታችን፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የራስዎ ወጥ ሥራ የሆነ ዜማ ተቀርጾ ከተቀመጠ ያለ ምንም ምዝገባ ጥበቃ አለው። የኢኮኖሚ መብቱ በሕይወት ዘመንዎና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል። የደራሲነት ስምዎ እንዲጠቀስ መጠየቅ፣ ክብርዎን በሚነካ መንገድ ሥራው ሲዛባ መቃወም ደግሞ የሞራል መብትዎ ነው። ለዚያ ለተናጋሪው ሰው በመጀመሪያ ይህንን ጠቅሰው ይጻፉለት፤ ብዙዎቹ ደብዳቤ ሲደርሳቸው የለጠፉትን ያነሣሉ።

በነፃ መልቀቅና መብትን መጣል አንድ አይደሉም። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት ፈቃዶች መካከል ስም እየተጠቀሰ ሥራው ሳይለወጥ ብቻ እንዲሰራጭ የሚያዝ አለ። በዚያ ፈቃድ ዜማውን ማፍጠንም፣ ከቪዲዮ ጋር ማጣመርም የእርስዎን ተጨማሪ ይሁንታ ይጠይቃል፤ አስታማሚው ግን አውርዶ ቢያደምጥ፣ ለጓደኛው ቢልክ ማንም አይጠይቀውም። ለመወሰን አይቸኩሉ፤ አንዴ የተሰጠ ፈቃድ ለወሰዱት ሰዎች አይሻርም። ማንም በቪዲዮው እንዲጠቀምበት ከፈቀዱ ደግሞ ያንኑ ዜማ በአከፋፋይ በኩል ወደ ዩቲዩብ የይዘት መለያ (Content ID)፣ ማለትም ዜማውን በሌሎች ቪዲዮዎች ውስጥ በራሱ ፈልጎ ወደሚያገኘው ሥርዓት፣ አያስገቡት፤ ፈቃድዎን አክብሮ የተጠቀመው ሰው ላይ የይገባኛል ጥያቄ ይመጣበታል።

በቴሌግራም ሲልኩ በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል ይሁን። የድምፅ መልእክት ለንግግር ተብሎ ስለሚታመቅ ያ የግራ እጅዎ ወፍራም ድምፅ ይሳሳል። ከመላክዎ በፊት ስምዎን፣ ዓመቱንና የፈቃዱን ዓይነት በራሱ በፋይሉ መረጃ ውስጥ ይጻፉ፤ ከሰው ሰው ሲተላለፍ ከሥሩ የጻፉት ማብራሪያ ቢቀርም እሱ አብሮ ይሄዳል።