ከራስ ደም የሚዘጋጅ ፋይብሪን ለድድ በሽታ ይጠቅማል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ድድ ለዓመታት ሲደማ ቆይቶ በቅርቡ ስመረመር ከጥርሱ ተላቆ በመካከላቸው 7 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ኪስ መፍጠሩን፣ በራጁም ላይ ከጥርሱ ጎን ያለው አጥንት ወደ ታች መበላቱን ተረዳሁ። ሐኪሜ ድዱን ከፍተው ካጸዱ በኋላ ከክንዴ በሚቀዳ ደም የተዘጋጀ ነገር እዚያ ሊያስቀምጡ አስበዋል። በእርግጥ የሚጠቅም ሕክምና ነው ወይስ ሒሳብ ማስጨመሪያ?

የጥርስ ሐኪም፦
ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2001 በፈረንሳይ ያስተዋወቁት ዶክተር ጆሴፍ ሹክሩን ናቸው። 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት በሌለበት ቱቦ ተቀድቶ ወዲያውኑ በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ቀይ የደም ሴሎች ከታች ይዘቅጣሉ፤ ከላይ ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል፤ በመካከል ደግሞ ፕላትሌቶችንና (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ነጭ የደም ሴሎችን ያቀፈ የረጋ ፋይብሪን፣ ማለትም ደም ሲረጋ የሚፈጠር የፕሮቲን መረብ፣ ይገኛል። ቁስል እንዲጠገን የሚያግዙ ንጥረ ነገሮች ከዚህ ውስጥ ለቀናት ቀስ በቀስ ይለቀቃሉ። እንደ እርስዎ ባለ ወደ ታች በተቦረቦረ አጥንት ላይ፣ ድድ ከፍቶ ከማጽዳት ብቻ ይልቅ ፋይብሪን ሲጨመርበት ኪሱ ይበልጥ እንደሚቀንስና አጥንቱም የተሻለ እንደሚሞላ ጥናቶች አሳይተዋል። አጥንቱ በጥርሶቹ ዙሪያ ሁሉ እኩል ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ግን እኔ ብዙ አልጠብቅም ነበር።

ታካሚ የነበረች፦
እኔ ባለፈው ዓመት አሠርቼዋለሁ። ቱቦው ከማሽኑ ሲወጣ አሳይተውኝ ነበር፤ ልክ እንደ ረጋ እርጎ ያለ ቢጫ ነገር ሲሆን ጫፉ ላይ ቀይ ደም ተጣብቆበታል። እሱን ቆርጠው፣ ጠፍጥፈው፣ እንደ ስስ ቆዳ አድርገው ካስገቡት በኋላ ድዱን ሰፉት። ከሕመሙ ይልቅ ያስቸገረኝ ለጊዜው በዚያ በኩል ማኘክና መቦረሽ አለመቻሌ ነበር።

ሌላ መላሽ፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ከድዱ በታች ያለው የጥርስ ሥር በደንብ ተጠርጎ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ወራት በኋላ ኪሱ እንደገና ተለክቷል? አንዳንዱ ኪስ በዚያ ብቻ ስለሚቀንስ ቀዶ ሕክምናው ላያስፈልግ ይችላል። ስኳር ካለብዎ ወይም ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም አይደብቁ፤ ሁለቱም ቁስሉ በደንብ እንዳይድን ሊያደርጉ ይችላሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ በራስዎ ሳያቋርጡ አስቀድመው ያሳውቁ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥርሴን ያሳጠብኩት ከላይ ከላይ ብቻ ነው፤ ሥሩ አልተነካም። እንግዲያውስ የቀዶ ሕክምናውን ቀጠሮ አስተላልፌ መጀመሪያ እሱን አስጠርጋለሁ።