አንድ የአኩሪ አተር ማሳ፣ ሁለት ዓይነት አፈር፦ ማዳበሪያውን እንዴት ላድርገው?

ሰላም ወገኖች። ፓዌ አካባቢ ሁለት ሄክታር አኩሪ አተር ዘርቻለሁ። ግማሹ ተዳፋት ላይ ያለ ቀይ አፈር ነው፣ ግማሹ ታች ያለ ዋልካ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ለሁለቱም እኩል በሄክታር 100 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) ሰጠሁ። ዘሩንም ጥላ ሥር በስኳር ውሃ አርሼ በራይዞቢየም (ሥሩ ላይ እባጭ ሠርቶ ከአየር ናይትሮጅን ለተክሉ የሚያዘጋጅ ባክቴሪያ) ለውሼዋለሁ። አሁን የዋልካው ጉልበቴ ደርሷል፤ የቀዩ ግን ገርጥቶ ከቁርጭምጭሚት ብዙም አላለፈም።

ትናንት ከየቦታው አምስት አምስት ተክል በአካፋ አውጥቼ ሥሩን አጠብኩት። የዋልካውን የሥር እባጮች በጥፍሬ ስሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀላ ያለ ነው። የቀዩ ግን ሦስት አራት ቢሆኑ ነው፣ እነሱም ውስጣቸው ነጭ። ናይትሮጅን እየሠሩ አይደለም ማለት ነው። ቀዩን አፈር አምና አስመርምሬው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 4.9 ነበር (ወረቀቱን አስቀምጬ መርሳቴ የራሴ ጥፋት ነው)። በእንዲህ ያለ አሲዳማ አፈር ፎስፈረሱን ብረትና አሉሚኒየም ይይዙታል፤ ተክሉ እምብዛም አያገኘውም።

ጎረቤቴ «ዩሪያ በትንበት» ይለኛል። እኔ ግን ናይትሮጅን ከበዛ እባጩ ጭራሽ ይሰንፋል ብዬ ፈራሁ። አበባ ሳይጀምር ለቀዩ ብቻ ትንሽ ብሰጥ ያዋጣል ወይስ ብሩን የአፈሩን አሲድነት ለሚቀንስ ኖራ ለከርሞ ላቆየው? ኖራውስ በሄክታር ስንት ኩንታል፣ ከዘር ስንት ሳምንት ቀድሞ ከአፈሩ ይደባለቅ? ለዋልካው ኤንፒኤሱን ብቀንስስ? ቀይ አፈር ላይ የሞከራችሁ ካላችሁ የተጠቀማችሁትን መጠን ንገሩኝ።