ክርክር፦ ለጭንቅላት ዕጢ መዋጮ ሲጠየቅ የናሙና ውጤት ይታይ ወይስ አይታይ?

አስተባባሪው፦ ሰላም ደሴዎች፣ ሰላም ኮምቦልቻዎች። «ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ተገኝቷል፣ ሕንድ መሄድ አለባት» የሚል የመዋጮ ጥሪ በግሩፓችን በዝቷል። አንዳንዶቻችሁ የናሙና ውጤት (ከዕጢው ትንሽ ተቆርጦ የሚደረገው ምርመራ) ሳይታይ ለውጭ ሕክምና ብር አይሰብሰብ ብላችኋል። ሌሎች ይሄ ነውር ነው ብላችኋል። ተከራከሩ። የታማሚ ስምና ፎቶ እንዳይለጠፍ።

የሆጤዋ፦ እኔ ነውር ነው ባይ ነኝ። ወሎ እኮ ነው ይሄ! እናት እያለቀሰች «ማኅተም ያለው ወረቀት አምጪ» ትባላለች? ወረቀት ስናገላብጥ ሰው ያልቃል።

የኮምቦልቻው፦ እህቴ፣ ማዘኑስ እኛም እናዝናለን። ግን ስንት ጊዜ ነው ያዋጣነው ብር የት እንደደረሰ ሳናውቅ የቀረነው? የቆየ ፎቶ ለጥፎ የሚለምንም አለ። ደግሞ ሁሉም «ሕንድ» ይላል። ለምን ሕንድ? እዚህ ምን ታጥቶ? የሚመልስ የለም።

ሲስተር፦ እኔ ነርስ ነኝ። ክርክሩ የሚያስኬድ አልመሰለኝም፣ ምክንያቱም ሁላችሁም ዕጢን እንደ አንድ በሽታ ነው የምታወሩት። አይደለም።

ሜኒንጂዮማ የሚባል አለ። ከአንጎል ሽፋን ነው የሚነሳው። አብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ብዙ ሰው ከክትትል በቀር ሌላ ሕክምና አያስፈልገውም። ይህ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ይሠራል።

ፕሮላክቲኖማ ደግሞ ከአንጎል ሥር ያለችው፣ ሁላችንም ያለን ሆርሞን አመንጪ ዕጢ (ፒቱታሪ) ላይ የሚወጣ ነው። ሴቷ ሳትወልድ ጡቷ ወተት ያወጣል፣ የወር አበባዋ ይቀራል። የሚታወቀው በደም ምርመራና በኤምአርአይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በእንክብል ይሟሽሻል። ለዚህ ቤት ተሽጦ ይኬዳል?

ከባዱ ግሊዮብላስቶማ ነው፣ በፍጥነት የሚያድግ የአንጎል ካንሰር፣ ደረጃ 4። የሚቻለውን ያህል በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ቀጥሎ ለ6 ሳምንት ያህል 30 ጊዜ ጨረር፣ አብሮም ቴሞዞሎማይድ የሚባል እንክብል ይሰጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር። ጨረር ብቻ ከተሰጣቸው ግማሾቹ ከ12 ወር ብዙም አላለፉም። እንክብሉ ሲጨመር 14 ወር ተኩል ገደማ ደረሰ። ሁለት ዓመት የኖሩት ግን ከ10 በመቶ ወደ 26 በመቶ ከፍ አሉ። ትንሽ ነገር አይደለም፣ ግን መዳንም አይደለም። የውጭዎቹ ሐኪሞችም መነሻቸው ይኸው ሕክምና ነው። ያለውን ሁሉ ሸጦ የሚሄድ ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

አንድ ልጨምር። የአንጎል ቲቢ በምስል ላይ ቁርጥ ዕጢ መስሎ ሊታይ ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ በነፃ ነው የሚሰጠው።

የኮምቦልቻው፦ ይኸው! ናሙናው ይታይ ያልኩት ለዚህ ነው።

የሆጤዋ፦ ቆይ ወንድሜ፣ አትቸኩል። ናሙናው እንዴት ነው የሚወሰደው? የራስ ቅል ተበስቶ ወይ ተከፍቶ አይደለም እንዴ? ሲስተር እንዳለችው በናሙና የማይታወቅም አለ። ለኤምአርአዩና ለቀዶ ሕክምናው የሚከፍለው ያጣውን ሰው «መጀመሪያ ውጤቱን አምጣ» ልትሉት ነው?

ሲስተር፦ እሷ ትክክል ናት። ዕጢው አንጎል ግንድ ላይ (አንጎልን ከአከርካሪ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ሲሆን ናሙና መውሰዱ ራሱ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የሰኞ ገበያው፦ ስልክ ነው አሉ እኮ ይህን ሁሉ የሚያመጣው።

አስተባባሪው፦ የስልኩን ነገር ሌላ ቀን እናንሳው፣ ጋሼ። እስካሁን የተረጋገጠ ነገር የለም።

ሹፌሩ፦ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሪፈር የተጻፈላቸውን ታማሚዎች እኔ ነኝ የማመላልሰው። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሰውን የሚጥለው ማደሪያ ነው። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን ነው። ማሽኑ ላይ የሚቆዩት ደቂቃ ነው። ቀሪውን ቀን የት ይዋል? የት ይደር? አስታማሚውስ ምን ይብላ? ተራ መጠበቁን ደግሞ ጨምሩበት። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ሕክምናውን አቋርጦ ከእኔ ጋር የተመለሰ ስንት ሰው አለ። ሕንድ ስትሉ ይሄ አይታያችሁም።

የፒያሳው፦ እናንተ ደግሞ ጠበሉንና ዱዓውን ረሳችሁት።

ሲስተር፦ አብሽር፣ ማንም አልከለከለም። ብቻ ዴክሳሜታሶን (የአንጎል እብጠት መቀነሻው) እና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሐኪም ሳያዝ በድንገት አይቁም። አንዳንዱ ጠበል ሲገባ ሁሉንም ይተወዋል፣ አደጋው እዚያ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር፣ ትልቅ ሰው ላይ አዲስ የጀመረ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የአንድ ጎን መዛል ከታየም ሆስፒታሉ ይቅደም። ዱዓው መንገድ ላይም ይደረጋል።

የኮምቦልቻው፦ እሺ፣ ሐሳቤን ላስተካክል። ለምርመራና ለአዲስ አበባ ማደሪያ ወረቀት አንጠይቅ፣ የሪፈር ወረቀቱ ይበቃል። ለውጭ ጉዞ ግን ሐኪሙ የዕጢውን ዓይነትና እዚያ የሚሰጠውን ሕክምና ስም ጠርቶ ይጻፍ። «ወደ ተሻለ ሕክምና» የሚል አይበቃም። አንዳንዴ እኮ እዚህ የሌለ መሣሪያ በእርግጥ ያስፈልጋል፣ ያኔ በሙሉ ልብ እናዋጣለን።

የሆጤዋ፦ ወረቀቱን ማን ያያል? የሰው ገመና ግሩፕ ላይ ሊነበብ ነው?

አስተባባሪው፦ ሲስተርና አንድ ሐኪም ብቻ ያያሉ። ወደ ግሩፑ የሚመጣው «አይተናል» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

የሆጤዋ፦ ደረጃ 4 ሆኖ ቤተሰቡ «የፈለገው ይሁን፣ እንሂድ» ቢልስ? እምቢ ልትሉ ነው?

ሲስተር፦ እኔ ለዚያ የትኬት ብር አላዋጣም። ለጨረሩ፣ ለእንክብሉ፣ ለሕመም ማስታገሻውና ለቤት ኪራዩ ግን እስከመጨረሻው አዋጣለሁ።

የሆጤዋ፦ እኔ ለትኬቱም አዋጣለሁ። በዚህ አንስማማም።