አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የሙዚቃ ባጅ ገዛሁ፤ ዋናውን ከቅጂው እንዴት ልለይ? ዝገቱንስ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ የብስኩት ቆርቆሮ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ በሰፈራችን አንዲት አዛውንት አርፈው ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ሲሸጡ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ባጅ በ40 ዶላር ገዛሁ። ባጅ የምለው ከኋላው እንደ መርፌ ቁልፍ ያለ ሽቦ ኖሮት ደረት ላይ የሚሰካውን ክብ ምልክት ነው። ጋዜጣ አንጥፌ ስዘረግፋቸው 163 ሆኑ። አብዛኞቹ የዘፋኞችና የባንዶች ናቸው፤ የካርቱን ገጸ ባሕርያት ያሉባቸውም ጥቂት አይደሉም።

በተለይ አራቱ ላይ ምክር እፈልጋለሁ። አንደኛው የመዳፌን ያህል የሰፋ የቢትልስ ባጅ ሲሆን አራቱም ፊታቸው ይታያል። ሁለተኛው ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የሱፐርማን ባጅ ነው። ሦስተኛው የአንዲት ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሴት ፎቶግራፍ ያለበት ሲሆን ከኋላው ውስጥ ቢጫ ያለች ክብ ወረቀት ተወትፋበታለች። አራተኛው የአፍሪካን ካርታ የመሰለ ጊታር ያለበት የላይቭ ኤይድ ባጅ ነው። እውነቱን ለመናገር ቆርቆሮውን የገዛሁት ይህን አይቼ ነው።

አንድ ጥፋት ደግሞ ሠርቻለሁ። የሴትየዋን ባጅ አቧራ ለመጥረግ ብዬ እርጥብ ጨርቅ ባስነካው ጊዜ፣ ጠርዙ ላይ የነበረው ቡናማ ነጥብ በማግስቱ እንደ ቀለበት ሰፍቶ ባርኔጣዋ ድረስ ደረሰ። ማስለቀቂያ ይኖረው ይሆን? ሌሎቹንስ እንዴት ላስቀምጥ?

መልስ፦ ጀርባ ተመልካች (ቺካጎ)

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ሁሉንም ገልብጠው ይደርድሯቸው። አዲስ ሰብሳቢ የሚሳሳተው ፊቱን እያየ ስለሚገዛ ነው፤ ፊቱን ማንም በኮምፒውተር ሊገለብጠው ይችላል፣ ጀርባውንና ጠርዙን አስመስሎ መሥራት ግን ትርፉ ከልፋቱ ያንሳል።

እነዚህ ባጆች በአሠራራቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው ዓይነት ምስሉ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ይነጠፋል፤ በላዩ ስስ ግልጽ ሽፋን ይለበጥና ሦስቱም ከኋላ በብረት ቀለበት ተቆልፈው ይያያዛሉ። በኒው ጀርዚ ግዛት፣ በኒውአርክ ከተማ የነበረው የዋይትሄድ ኤንድ ሆግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1896 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት አሠራር ይህ ነው፤ ያኔ ሽፋኑ ሴሉሎይድ ነበር፣ በዛሬዎቹ ላይ ግን ሌላ ፕላስቲክ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ወረቀትም ሽፋንም የለም፤ ቀለሙ የሚታተመው በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ነው። ጠርዙን በጥፍርዎ ቀስ ብለው ሲዳስሱት የሽፋን መታጠፊያ ካገኙ የመጀመሪያው፣ እርቃኑን የሆነ ብረት ካገኙ ሁለተኛው ነው።

የቢትልስ ባጅዎን በዚህ ይፈትኑት። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካን ሲያጥለቀልቅ የእኛው የቺካጎ ግሪን ደክ ኩባንያ በፈቃድ የሠራቸው ትልልቅ ባጆች ቆርቆሮው ላይ የታተሙ ናቸው፤ ጠርዛቸውም ላይ ዓመቱና የባንዱ ሥራ አስኪያጅ የብራያን ኤፕስታይን ድርጅት የሆነው የኔምስ ስም በደቃቅ ፊደል ይነበባል። የእርስዎ ባጅ የእነዚያው ምስል ኖሮት ነገር ግን በወረቀትና በሽፋን ከተሠራ ይጠርጥሩት።

ለሁሉም የሚያገለግል አንድ የዕድሜ መለኪያ ልጨምር። ጠርዙ ላይ የአምራቹ አድራሻ ካለ ቁጥሩን ይዩ። የአሜሪካ ፖስታ ባለ አምስት አኃዙን ዚፕ ኮድ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1963 ስለሆነ፣ ዚፕ ኮድ የያዘ ባጅ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። በከተማውና በግዛቱ ስም መካከል አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ብቻ ካለ ግን ምናልባት ከዚያ የቀደመ ነው።

ለማስቀመጥ እያንዳንዱን በሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት አሽገው፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ አብረው ቢያደርጉ ይበቃል።

መልስ፦ ወረቀት ጠጋኝ

ጀርባ ተመልካች ስለ መለየቱ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ በማሸጉ ላይ ግን አልስማማም። ሥራዬ አሮጌ ወረቀትና ፎቶግራፍ መጠገን ነው፤ የጥንቱ ሴሉሎይድ እያረጀ ሲሄድ አሲድነት ያለው ጋዝ እንደሚተነፍስ፣ አየር በማያስወጣ ከረጢት ከታሸገም ያ ጋዝ ተመልሶ ራሱን ባጁንና ጎረቤቱን እንደሚበላ በእጄ ካለፉ ዕቃዎች አይቻለሁ። ስለዚህ የሴትየዋን ባጅና እሷን የመሰሉትን ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ጠቅልለው፣ አየር በሚያገኝ የካርቶን ሳጥን ውስጥ ለብቻቸው ያኑሯቸው። ለቆርቆሮ ህትመቶቹና ለአዳዲሶቹ ከረጢቱ ችግር የለውም፤ ሆኖም ሽታው ስለታም ከሆነው ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ይራቁ።

ወደ እርጥብ ጨርቁ ልመለስ። ያዩት ቡናማ ነገር ዝገት ነው። ውኃው ፊቱ ላይ አልቀረም፤ በሽፋኑ መታጠፊያ በኩል ሾልኮ ገብቶ ወረቀቱ ጠጥቶታል፣ ወረቀቱ ደግሞ ከጀርባው ካለው ቆርቆሮ ዝገቱን ይዞ ተስፋፍቷል። እድፉ ያለው ከሽፋኑ ሥር ስለሆነ በመጥረግ አይለቅም። ቀለበቱን ፈልቅቆ ወረቀቱን ማውጣት የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙዎታል፤ ያረጀ ሴሉሎይድ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ እንጀራ ስለሚሰበር እባክዎ አይሞክሩት። አሁን ማድረግ የሚችሉት እንዳይቀጥል ማቆም ብቻ ነው፦ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው፣ ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ሳይሸፍኑ ለተወሰኑ ቀናት ይተዉት።

የፀጉር ማድረቂያ አይጠቀሙ። የዚያ ዘመን ሴሉሎይድ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ነው፤ ዕድሜውን ለማረጋገጥ ተብሎ የጋለ መርፌ የማስነካት ልማድም ከዚህ የተነሳ አደገኛ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም አሴቶን ስላለበት ሽፋኑን ያሟሟዋል። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ብቻ ያራግፉ።

ጠያቂው፦ የብስኩት ቆርቆሮ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ እናቴ መድኃኒት የምታነብበትን አጉሊ መነጽር ተውሼ አንድ በአንድ አየኋቸው። የቢትልሱ ባጅ ሽፋን አለው፤ ጠርዙ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ሰዎቹ ፊት ላይ ያለው ነጠብጣብ ሁለት ወንፊት እንደተደራረበ ያህል ተምታቷል፤ የፊደሎቹም ዳር ጠራ ብሎ ከመታየት ይልቅ ፈዟል። የሱፐርማኑ ቆርቆሮው ላይ የታተመ ነው፤ ጀርባው ላይ ኬሎግስ ፔፕ የሚል አለበት። በሴትየዋ ባጅ ውስጥ ያለችው ወረቀት ኒውአርክ ትላለች፤ ከተጻፉባት ቀኖች የመጨረሻውም ጁላይ 21 ቀን 1896 ነው። ታዲያ ይህች ባጅ በ1896 ተሠራች ማለት ነው?

መልስ፦ ጀርባ ተመልካች

እንደዚያ ማለት አይደለም። ያ የፈጠራ መብቱ የተሰጠበት ቀን ነው፤ ኩባንያው ይህንኑ ቀን ለብዙ ዓመታት ሲያትም ኖሯል። ስለዚህ ከ1896 አትቀድምም ብለው በድፍረት መናገር ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንደሆነ የሚነግርዎ የወረቀቷ የጽሑፍ አቀማመጥና የሴትየዋ አለባበስ ነው። በዚያ ዘመን የሲጋራና የማስቲካ ኩባንያዎች የመድረክ ተዋናዮች ፎቶግራፍ ያለባቸውን ባጆች ከምርታቸው ጋር በነፃ ይሰጡ ስለነበር፣ ወረቀቷ ላይ የምርት ስም መኖሩን ደግመው ይዩ። ወረቀቷን ግን ለማንበብ ብለው አያውጧት፤ ወረቀቷ የጠፋችበት ባጅ ዋጋው ይወርዳል።

ሱፐርማኑ እውነተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደሰቱ። ኬሎግስ እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1947 ፔፕ በተባለው የቁርስ እህሉ ሳጥን ውስጥ እያስገባ ያደላቸው ባጆች በአምስት ዙር የወጡ ሲሆን በየዙሩ 18 ነበሩ። አምስት ጊዜ 18 ዘጠና ይሆናል፤ ሰብሳቢዎች ግን የሚቆጥሩት 86 ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ሱፐርማን በአምስቱም ዙር ተደግሟል። ስለዚህ ከሁሉም ዝነኛው ገጸ ባሕርይ በብዛት የሚገኘው ሆነ። በቆርቆሮዎ ውስጥ ሌሎች የፔፕ ባጆች ካሉ ቀድመው እነሱን ይመልከቱ።

የቢትልሱ ነገር ያሳዝናል። የተምታታው ነጠብጣብ፣ የታተመ ምስል እንደገና ፎቶ ተነስቶ ወይም በስካነር ተገልብጦ ዳግም ሲታተም የሚመጣ ምልክት ነው። ቅጂ ነው።

መልስ፦ የሐይቅ ልጅ (ለንደን)

ስለ ላይቭ ኤይዱ ባጅ እኔ ልመልስ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 በለንደኑ ዌምብሊና በፊላደልፊያው የጆን ኤፍ. ኬኔዲ ስታዲየም በአንድ ቀን የተካሄደ ኮንሰርት ነበር፤ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ያዘጋጁት ለእኛው ድርቅ ተብሎ ነው። ያኔ ወሎ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ስለ ኮንሰርቱ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ዛሬ ይኸው ባጅ እዚህ ለንደን ገበያ ላይ በየጊዜው ያጋጥመኛል፤ ብርቅ አይደለም።

በጊታርና በአፍሪካ ካርታ የተሠራው ምስል የዝግጅቱ ዓርማ ነው። ሆኖም በትልልቅ ኮንሰርቶች በር ላይ ያለ ፈቃድ የሚሸጡ ሰዎች ስለማይጠፉና በኋላም ብዙ ስለተሠራ፣ ዓርማው ብቻውን ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም፤ ጠርዙ ላይ የመብት ባለቤት ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ሽቦው አብረቅራቂና አዲስ ከሆነ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1985 ዕቃ ነው ብለው አይቀበሉት። በቆርቆሮዎ ውስጥ ከሌሎች የዚያው ዘመን ባጆች ጋር አብሮ ከተገኘ ግን ያ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው።

በዚያው አጋጣሚ፣ "ሃንድስ አክሮስ አሜሪካ" የሚል ባጅ ካገኙ ከዚህ ጋር አያደበላልቁት። አዘጋጁ ለኢትዮጵያ ዘፈን ያወጣው ዩኤስኤ ፎር አፍሪካ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1986 ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙት ለአሜሪካ ረሃብተኞችና ቤት አልባዎች ነበር። ዘመዶቼ ሁለቱንም "የ77 ባጅ" እያሉ አንድ ያደርጓቸዋል።

መልስ፦ ሚዛን

ስለ ዋጋ ማንም አልተናገረም፤ እኔ በአጭሩ ልበል። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ይጫኑ። ለአንድ ባጅ 90 ዶላር የጠየቀ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሳይሸጥ ሊከርም ይችላል። የ1980ዎቹ የማይክል ጃክሰን፣ የፕሪንስና የመሳሰሉት ባጆች እጅግ በብዛት ስለተሠሩ በነጠላ ከመሸጥ በጥቅል መሸጡ ይሻላል። ቡናማ ነጥብ ያለበትንም በፎቶው ላይ በግልጽ ያሳዩ፤ ደብቀው የላኩት ዕቃ ተመልሶ ይመጣል፤ የመላኪያውም ክፍያ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል።

ጠያቂው፦ የብስኩት ቆርቆሮ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቢትልሱን ቅጂ ልጄ ቦርሳው ላይ ሰክቶታል። በምክራችሁ መሠረት ስፈልግ ሰባት ሌሎች የፔፕ ባጆች አገኘሁ፤ "ሃንድስ አክሮስ አሜሪካ" የሚል ደግሞ ሁለት አለኝ። የላይቭ ኤይዱ ጠርዝ ላይ ዓመቱ 1985 የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሽቦውም ጠቁሯል። እሱን አልሸጠውም። የሴትየዋ ባጅ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ተቀምጣለች፤ የቡናማውን እድፍ ዳር በእርሳስ ወረቀቱ ላይ ለክቼ ምልክት አድርጌ ነበር፣ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ከባርኔጣዋ ክንፍ አላለፈም።