ካቴኪዝሙን ማን ያስተምር? ቤት ወይስ ቤተ ክርስቲያን?

አወያዩ፦
የክርክሩ መነሻ ይህ ነው። የመካነ ኢየሱስ (የሉተራን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን) ማኅበረ ምእመናናችን ሽማግሌዎች አንድ ሐሳብ አቅርበዋል። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ለጌታ እራት የሚዘጋጁ ልጆች የማርቲን ሉተርን «ትንሹ ካቴኪዝም» (በጥያቄና መልስ የተጻፈ የእምነት ማስተማሪያ) የመጀመሪያ ሦስት ክፍሎች ከወላጆቻቸው ተምረው፣ በቃላቸው ይዘው ይምጡ ይላሉ። ይኸውም አሥርቱ ትእዛዛት፣ የሐዋርያት የእምነት መግለጫና «አባታችን ሆይ» ከነማብራሪያቸው ነው። ስለ ጥምቀት፣ ስለ ኑዛዜና ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚናገረውን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። እስካሁን ሁሉም በቅዳሜው ክፍል ይሰጥ ነበር። እኔ ከደጋፊዎቹ ወገን ነኝ፤ ምክንያቴን ግን ሰው ከተናገረ በኋላ አቀርባለሁ። የማንም ልጅ ስም እንዳይነሣ አደራ።

የሦስት ልጆች አባት፣ አዲስ አበባ፦
እቃወማለሁ። ከሥራ ወጥቼ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቄ ቤት ስደርስ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ካልተኙም እያንቀላፉ ነው። ባለቤቴም ከእኔ አትሻልም። የሒሳቡንም የእንግሊዝኛውንም የቤት ሥራ ትምህርት ቤቱ በእኛ ላይ ጥሎታል። አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ልትጨምርበት ነው? ቄስና ወንጌላዊ ደመወዝ የሚከፈላቸው ለምንድን ነው?
ሁለተኛው ቅሬታዬ ሽምደዳው ነው። ልጅ ያልገባውን ነገር እንደ በቀቀን ቢደግም ምን ያተርፋል? አበውስ ቢሆኑ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» አይደል ያሉት?

ጡረታ የወጡ ወንጌላዊ፣ ወለጋ፦
ልጄ፣ ይህ ተረት በእኛ ላይ ተገልብጦ ነው የደረሰው። በደርግ ዘመን በምዕራብ ወለጋ አብያተ ክርስቲያናት ሲታሸጉ፣ ወንጌላውያን ሲታሰሩ የተወሰደብን በመጽሐፍ ያለው ነበር። በቃላችን የያዝነውን ግን የትኛውም ፈታሽ አላገኘውም። ዋና ጸሐፊያችን ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ሲገደሉ እኔ ገና ወጣት አገልጋይ ነበርሁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ልጆችን ያስተማርነው በየጓዳው፣ ድምፃችንን ቀንሰን፣ ያለ መጽሐፍ ነው። አንዷ እናት ጨው እየፈጨች ትእዛዛቱን ትጠይቅ ነበር፤ ሰው ከመጣ ወፍጮው ብቻ ይሰማል። «አልገባውም» አልኸኝ። እኔም ያኔ ሁሉም አልገባኝም ነበር። የገባኝ ሲያስፈልገኝ ነው።

የነገረ መለኮት ተማሪ፦
መጽሐፉ ከምን እንደ ተወለደ ብናስታውስ የቤት ወይስ የቤተ ክርስቲያን የሚለው ጥያቄ ግማሹ ይመለሳል። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1528 የሳክሶኒን አጥቢያዎች ሲጎበኝ ያየው ነገር አስደነገጠው። በተለይ የገጠሩ ሕዝብ ተጠምቋል፣ ይቆርባል፤ ነገር ግን «አባታችን ሆይ»ን፣ የእምነት መግለጫውን፣ ትእዛዛቱን አያውቅም። ከካህናቱም ብዙዎቹ ማስተማር የማይችሉ ነበሩ። ትንሹ ካቴኪዝም በ1529 መጀመሪያ ላይ የወጣው በመጽሐፍ መልክ አልነበረም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልልቅ ወረቀት ሆኖ ነው የታተመው። የሚሰቀለው ደግሞ በቤተ መቅደስ ብቻ አልነበረም። የየክፍሉን ርእስ እዩ፦ የቤት አባት ለቤተሰቡ በቀላሉ እንዴት እንደሚያስተምር ይላል። ሉተር ሰፋ አድርጎ በጻፈው በትልቁ ካቴኪዝም መግቢያም የቤቱ ኃላፊ ልጆቹንና አገልጋዮቹን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እየጠየቀ የተማሩትን እንዲመረምር ያዝዛል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ አዲስ ሸክም አላመጡም። የተረሳውን ነው ያነሡት።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፦
ወንድማችን የሚመቸውን ብቻ መርጦ ነገረን። በዚያው በትንሹ ካቴኪዝም መግቢያ ላይ ሉተር መማር እንቢ ያሉትን ሰዎች፣ ወላጆቻቸውና አሠሪዎቻቸው ምግብና መጠጥ ይከልክሏቸው፣ ገዢውም ከአገር ያባርራቸው ይላል። ይህንንስ እንውሰደው? (ከእናንተ መካከል «ፓስታ ብቻ ብንከለክልስ?» የሚል እንዳይነሣብኝ።)
እኔ ሐሳቡን የምቃወመው ሰነፍ ወላጅ ልከላከል ብዬ አይደለም። በክፍሌ ካሉት ልጆች አንዱ ከአያቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ አያቱ ማንበብ አይችሉም። የሌላዋ አባት ኦርቶዶክስ ነው፤ እናቷ በቤት ውስጥ ጠብ እንዳይነሣ ስለ ሃይማኖት አታወራም። ሌላው ደግሞ አባቱ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አያገኘውም። መስከረም ላይ እነዚህን ልጆች አቁመን «ሦስተኛውን ትእዛዝ በል» ስንላቸው፣ የምንፈትነው ቤታቸውን ነው፤ ወድቆ የሚያፍረው ግን ልጁ ነው። ከዚያ ከጌታ ማዕድ እናስቀረዋለን? በማን ጥፋት?
ቤትና ቤተ ክርስቲያን ካልተነጋገሩ የሚመጣውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ልጅ «አትግደል» አምስተኛው ትእዛዝ ነው ብሎ ከእኔ ተምሮ ሄደ። ሌላ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የምትማረው የአክስቱ ልጅ «ስድስተኛ ነው» አለችው፤ አባትየው ደግሞ እሷን ደገፈ። ልጁ ተመልሶ መጥቶ «መምህርቷ ተሳስታለች» አለ። አቆጣጠሩ እንደሚለያይ፣ እኛ የተቀረጸውን ምስል የሚከለክለውን ከመጀመሪያው ጋር ቆጥረን መመኘትን ለሁለት እንደምንከፍል ለወላጅየው የነገረው ሰው አልነበረም።

ወጣት መዘምር፦
ሁላችሁም ስለ ወረቀት ነው የምታወሩት። ከእኔ ጋር ካደጉት ግማሾቹ ዛሬ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የሄዱት ካቴኪዝም ስላልተማሩ አይደለም፤ የሄዱት ጸሎት፣ አምልኮና የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ፍለጋ ነው። ልጅን ጥያቄና መልስ ስታስጨንቁት ትቷችሁ ይሄዳል።

አወያዩ፦
አሁን ጣልቃ ልግባ። ወንድሜ፣ መዝሙሩንም ጸሎቱንም የሚነካ ሰው የለም። የመንፈስ ቅዱስ መነቃቃት ወደ መካነ ኢየሱስ የገባው ከእነዚህ ከምትላቸው ወጣቶች በፊት፣ በወላጆቻቸው ዘመን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም አላባረረችውም። ግን የሄዱትን ጓደኞችህን አንድ ነገር ጠይቃቸው፤ ብዙዎቹ እዚያ ሲደርሱ እንደገና ተጠምቀዋል። ለምን? «በሕፃንነትህ የተጠመቅኸው አይቆጠርም» የሚል ሰው ሲገጥማቸው ጥምቀት ምን እንደሆነ የሚመልሱት ቃል አልነበራቸውም። የካቴኪዝሙ አራተኛው ክፍል እኮ ሙሉውን ስለዚህ ነው። ውኃው ብቻውን ሳይሆን ከውኃው ጋር ያለው የእግዚአብሔር ቃልና ያን ቃል የሚያምነው እምነት ነው ይላል። ይህን አውቆ የሄደ ሰው በሐሳብ ተለይቶ ሄደ እንላለን። ሳያውቅ የሄደውን ግን እኛው ነን የላክነው።
ደግሞም እናስተውል። ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት ስታቋርጥ አጨበጨብን፤ ለትምህርታችን ታማኝ ነን አልን። እሺ፣ የታመንንለት ትምህርት ምን ይላል? በየቤታችን ስንቶቻችን እንመልሳለን?

እናት፣ ሚኒሶታ፦
ከሩቅ ሆኜ ልጨምር። እዚህ የእኛ ልጆች የሚያስቡት በእንግሊዝኛ ነው። የቅዳሜው ክፍል በአማርኛና በኦሮምኛ ስለሆነ ግማሹ ያልፋቸዋል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ካልደገምነው የለም ማለት ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ ልጄ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ እንዲህ ተግባብተናል። አይሠራም ለሚሉ አንድ ነገር ልንገራቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና አፍልተን ስለ አንዲት እህት እያነሣን ስንጥል፣ የአሥር ዓመቱ ልጄ ከሶፋው ላይ ሆኖ ስምንተኛውን ትእዛዝ ከነማብራሪያው አወጣው፤ ባልንጀራችንን አናማ፣ ስለ እርሱ መልካም እንናገር፣ የሚያደርገውንም ሁሉ በመልካም እንተርጉምለት የሚለውን። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ወሬው ሌላ ሆነ። ይህን ያደረገው ቄሱ ቢሆን ኖሮ ተቀይመን ነበር የምንነሣው።
ስለ ዕለት እንጀራ የሚለውን ደግሞ ሞክሩት። ሉተር ምግብና መጠጥ፣ ልብስና ጫማ፣ ቤት፣ ከብት፣ ገንዘብ፣ መልካም መንግሥት፣ መልካም አየር፣ ሰላም፣ ጤና፣ ታማኝ ጎረቤት እያለ ይዘረዝራል። ልጄ «የእማዬ የመኪና ማሞቂያ» ብሎ ጨመረበት። በጥር ወር እዚህ ላልኖረ ሰው አይገባውም።

እናት፣ ዱባይ፦
እኔ በሰው ቤት ነው የምሠራው። ልጆቼ እናቴ ጋር ናቸው። ማታ ማታ በስልክ ድምፅ እልክላቸዋለሁ፤ እነሱም መልሰው ይልኩልኛል። የማታውን ጸሎት ይዘውታል። አብሮ መኖር ብቻውን ቤት ያሰኛል ወይ ብዬ ነው እንጂ፣ ጊዜ የለኝም ለሚሉት መልስ የለኝም።

የሦስት ልጆች አባት፣ አዲስ አበባ፦
እህቴ፣ አሳፈርሽኝ። መጽሐፉን አምጥቼ ማንበብ ጀምሬአለሁ፤ ግን የጠዋቱ ጸሎት ላይ ቆምሁ። ከአልጋህ ስትነሣ በመስቀል ምልክት አማትብ ይላል እኮ! አባቴ ወደ ወንጌላውያን ሲመጣ ማማተብ ትቶ ነው የመጣው። ልጄ በእንግዳ ፊት ቢያማትብ እናቴ «ወዴት እየተመለሳችሁ ነው?» ትላለች። ሉተር ምን ነክቶት ነው?

ጡረታ የወጡ ወንጌላዊ፣ ወለጋ፦
(ሳቅሁ።) እኛን ያስተማሩን ያን መስመር ዘልለው ነው። እኔም ዘልዬ አስተማርሁ። አሁን ሳስበው ግን መስቀሉ የኦርቶዶክስም የእኛም ጌታ መስቀል ነው። ልጁ ቢያማትብ አልከለክለውም፤ ባያማትብም አላዝዘውም። ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ጸልይ፣ መዝሙር ዘምር፣ ደስ ብሎህ ወደ ሥራህ ሂድ። ማታም ጸልይና ሳትቆይ ደስ ብሎህ ተኛ ይላል። ሰው እስኪተኛ ድረስ ስልክ በሚያይበት ዘመን ይህ ከማማተቡ ይከብዳል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሐዋሳ፦
አንድ ነገር ያሳስበኛል። ተማሪው «ልጆቹንና አገልጋዮቹን» አለ። እኔ ቤት የምትሠራው ልጅ ኦርቶዶክስ ናት። እሷንም አስቀምጬ ልጠይቃት ነው?

የነገረ መለኮት ተማሪ፦
በሉተር ዘመን አገልጋይ የቤተሰቡ አካል ነበር፤ አገሩም አንድ ሃይማኖት ነበረው። ጥሪው...

የሁለት ልጆች እናት፣ ሐዋሳ፦
የዘመኑን አውቄዋለሁ። እኔ የጠየቅሁት የእኔን ቤት ነው። ደመወዟን የምከፍላት እኔ ነኝ፤ አልፈልግም ብትል ሥራዬን አጣለሁ ብላ ትፈራለች። እንዲህ ያለ ትምህርት ይቅርብኝ። በፊቷ ልጆቼን አስተምራለሁ፤ ከፈለገች ትቀመጥ፣ ካልፈለገች ጾሟን ትጹም። በእሷ ላይ የማደርገው ነገር ቢኖር «አትስረቅ» የሚለው ሰባተኛው ትእዛዝ ነው፤ ደመወዟን በጊዜው መክፈል።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፦
ይህን ወድጄዋለሁ። ግን ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ አያቱ ማንበብ የማይችሉት ልጅ ምን ይሁን?

አወያዩ፦
አቋሜን አሁን ልናገር። መምህርቷ ያነሣችው ትክክል ነው፤ ሐሳቡ በዚህ መልኩ ከጸደቀ ልጆቹን ነው የሚመታው። እኔ የምደግፈው ማስተማሩን ወደ ቤት መመለስን እንጂ ፈተናውን በልጅ ጫንቃ ላይ መጣልን አይደለም። ሉተር በትልቁ ካቴኪዝም መግቢያ ላይ እኔ የነገረ መለኮት ዶክተርና ሰባኪ ነኝ፤ ሆኖም ጠዋት ጠዋት እንደ ሕፃን ትእዛዛቱን፣ የእምነት መግለጫውን፣ «አባታችን ሆይ»ን ቃል በቃል እላለሁ፤ የካቴኪዝም ተማሪ ሆኜ እቀራለሁ ይላል። እርሱ ካላፈረ እኛን የሚያሳፍረን ምንድን ነው?
ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ የምልከው ማሻሻያ እንዲህ ነው። ክረምቱን ወላጆች ይማሩ፤ መምህርቷና ወንጌላዊው ያስተምሩን። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለሁሉም ይሰጥ፤ ሉተርም ቢሆን አንዱን መልክ ይዛችሁ ከዓመት ዓመት አትለዋውጡት ብሏል፤ ያ የአምስተኛና የስድስተኛ ጠብም ያኔ ይቀራል። ማንበብ ለማይችሉ አያቶች በድምፅ ተቀርጾ ይሰጣቸው፤ ከዱባይ የመጣው ልምድ በቂ ማስረጃ ነው። ወላጅ ለሌለው ወይም ወላጁ ለማይችል ልጅ ቤተ ክርስቲያን የቤት አባት ትሁነው፤ የክርስትና አባትና እናት ያለውም እነርሱ ይጠየቁ፤ በጥምቀቱ ቀን ቃል የገቡት እነርሱ ናቸውና። ልጆቹ የሚጠየቁት ከዚህ በኋላ ነው።

ወጣት መዘምር፦
በድምፅ የሚቀረጽ ከሆነ እኛ እናዜመው? ትእዛዛቱ በዜማ ቢሆኑ ልጆቹ በቶሎ ይይዙታል።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፦
ቃሉን ሳትቀይሩ ከሆነ እሺ። «እግዚአብሔርን ልንፈራውና ልንወደው ይገባናል» የሚለውን ግጥም እንዲገጥም ብላችሁ እንዳትቆርጡብኝ።

የሦስት ልጆች አባት፣ አዲስ አበባ፦
የክረምቱ ክፍል ከሥራ በኋላ ከሆነ እመዘገባለሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ። ወላጅ ከመጠየቁ በፊት ሽማግሌዎቹ በእኛ ፊት ይጠየቁ። ከሰብሳቢው እንጀምር፤ ዘጠነኛውን ትእዛዝ ከአሥረኛው ለይተው ይንገሩን።