ዲኤክስ በ100 ስትነዳ ሞተሯ ለምን ይጮኻል?

ባለ ዲኤክስ፦
ሰላም ወገኖች። የ1983 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፣ 1.3 ሞተር፣ ባለ አራት ማርሽ። ከተማ ውስጥ አንደኛ ናት። የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ 100 ስገባ ግን ሞተሯ በጣም ይጮኻል፣ አጠገቤ ከተቀመጠው ሰው ጋር እንኳ ማውራት አይቻልም። አንድ መካኒክ «ጉልበት ስለሌለው ነው፣ 1.6 ብታስገባበት ዙሩ ይወርዳል» አለኝ። እውነት ነው? ብር ከማውጣቴ በፊት የሚያውቅ ይንገረኝ።

ካምቢዮ፦
ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን እስካልተንሸራተተ ድረስ ዙሩን፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ የሚወስኑት ፍጥነቱ፣ ማርሹ፣ ዲፈረንሻሉና ጎማው ብቻ ናቸው። ባለ 13 ጎማህ አንዴ ሲዞር 1.8 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ100 ስትነዳ በደቂቃ 926 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። አራተኛ ማርሽህ ቀጥታ ነው፣ ሞተሩና ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ አንድ ለአንድ ይዞራሉ። ዲፈረንሻልህ 4.1 ከሆነ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ 4.1 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ሞተሩ 3,800 ዙር አካባቢ ላይ ነው፣ 60 የፈረስ ጉልበት ይኑረው 200። ሞተር የቀየሩ ሰዎች ዝም ያለላቸው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አብሮ ስለሚመጣ ነው።
አንድ ነገር ግን ፈትሽ። ዳገት ላይ በአራተኛ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስትረግጥ ፍጥነቱ ሳይጨምር የሞተሩ ዙር ብቻ ከፍ ካለ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

የቮልስ ልጅ፦
በስሌቱ እስማማለሁ፣ ግን ጉልበት ምንም አያገባውም አይባልም። ፋብሪካው ማርሹን የሚመርጠው በጉልበቱ ነው። 1300 ቮልስ 40 ፈረስ ብቻ ናት፣ አራተኛዋ ግን 0.89 ነው፣ ማለትም ከማርሹ የሚወጣው ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ 0.89 ጊዜ ብቻ ይዞራል፣ በ100 ከ3,300 ብዙም አትርቅም። ሞተሯ ሙሉ ጉልበቱን 4,000 ዙር ላይ ስለሚሰጥ ነው። የአንተ ሞተር ግን ጉልበቱ ያለው ከ5,000 በላይ ነው፣ ዙሩን ካወረድክበት ይደክማል። ደግሞ ያለነው ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የአዲስ አበባ ካርቡራተር መኪና ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል።

ባለ ዲኤክስ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ታዲያ ትልቅ ጎማ ባስገባስ?

ካምቢዮ፦
አይሆንም። ዙሩ ትንሽ ይወርዳል፣ ግን ዳገት ላይ ይከብድሃል፣ ፍሬኑም ይደክማል፣ የፍጥነት መለኪያውም አሳንሶ ያሳይሃል። ከልብህ ከሆነ ለራሱ ለ1.3 ሞተር የተሠራውን ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ፈልግ። አምስተኛው 0.86 አካባቢ ነው፣ በ100 ወደ 3,300 ያወርድልሃል። ወደ አዳማ ስትወርድ ትደሰትበታለህ። ስትመለስ መንገዱ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ቀስ እያለ ሽቅብ ነው፣ ስለዚህ ሞተሩ ሲያቃስት ሳትጠብቅ ወደ አራተኛ መልሰው። ለጊዜው ግን ዘይቱና ራዲያተሩ ደህና ከሆኑ 3,800 ዙር ያንን ሞተር አይጎዳውም፣ 90 ላይ ያዛትና ተረጋግተህ ንዳ።